ጭቃውን አትናቁ፣ ንድፉንም አትደብቁ

«ጭቃ የድሃ ቤት ነው፤ ብሎኬትና ቆርቆሮ ካልሆነ ቤት አይባልም» የሚሉ ወገኖች በመካከላችን እየበዙ ሄደዋል። ይህ አባባል በዝምታ ሊታለፍ አይገባም ብለን ብዕር አንስተናል።

አስቀድመን ወደ ጁባ እንሂድ። ኒምራ ታላታ፣ በእኛ ቋንቋ «ቁጥር ሦስት»፣ ከመካከላችን ጉልበት ያለው የቀን ሥራ ፍለጋ የሚወጣበት ሰፈር ነው። ሲሚንቶ እናቦካለን፣ ጡብ እንሸከማለን። የተሸከምነው ከየት እንደመጣ ግን ጠይቀን እናውቃለን? ሲሚንቶውና ቆርቆሮው በአብዛኛው ከኡጋንዳ በኒሙሌ በኩል ይመጣል። 192 ኪሎ ሜትር ነው፤ አስፋልቱ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። መንገዱ በጥይት በታወከ ቁጥር ዋጋው ሰማይ ይነካል። ቀዩ ጡብ ደግሞ በነጭ ዓባይ ዳር በማገዶ ይቃጠላል። የማገዶን ነገር ለእኛ መንገር አያሻም። ከባላገሩ ጋር ዓይንና ናጫ የሚያደርገን ቋሚ እንጨትና የክዳን ሣር አይደለምን?

ታዲያ ሥልጣኔ የሚባለው ይህ ነው? ከሩቅ ተገዝቶ የሚመጣ፣ ዛፍ የሚጨርስ፣ እኩለ ቀን ላይ እንደ ምጣድ የሚግል ቤት?

አያቶቻችን ያለ ዕውቀት አልሠሩም። ዶርዜ ቤቱን ከቀርከሃ ይሸምናል፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ በየዓመቱ ዝቅ እያለ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል፤ ሲያስፈልግም ተነቅሎ በሰው ትከሻ ሌላ ቦታ ይተከላል። (ለስደተኛ ከዚህ የተሻለ ቤት ማን አሰበ?) የትግራይ ህድሞ ድንጋይ ነው፤ የሸዋው ቤት ማገርና ጭድ የገባበት ጭቃ ነው። ሁሉም በእጅ ካለ ነገር፣ ሁሉም በደቦ።

ይሁን እንጂ ጭቃን አናመልክም። የጭቃ ቤት በእግሩና በራሱ ይሞታል። ከሥሩ የድንጋይ መሠረት፣ ከላዩ ረዘም ያለ የክዳን ጠርዝ ካላገኘ የጁባ ዝናብ በሁለት ክረምት ያፈርሰዋል። ኑቢያውያን ያለ እንጨት የሚሠሩትን የጭቃ ቅስት ጣሪያ ሐሰን ፈትሂ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በግብፅ ለዓለም አሳየ። ለደረቅ አገር ድንቅ ነው፤ እንዳለ ወደዚህ ይምጣ የሚል ግን ዝናባችንን አያውቅም።

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንዙር፤ «ንድፉ በኮምፒውተር አልቆ መጥቷል፣ እናንተ ገጣጥሙ» ወደሚለው። እ.ኤ.አ. በ2013 በዶሎ አዶ ካምፖች ለሶማሊያ ስደተኞች ከስዊድን የመጣ ተገጣጣሚ መጠለያ ተሞከረ። ወለሉ 17.5 ካሬ ሜትር፣ አጥንቱ ብረት፣ ግድግዳው ፕላስቲክ። ከድንኳን ይሻላል፤ አንክድም። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ግን ምርጊት የምታውቅ እናት ምን ታደርግለታለች? ዊኪሃውስ የተባለው ንድፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ከለንደን ለዓለም ሁሉ በነፃ ተለቀቀ። ሐሳቡን እንደግፋለን። ነገር ግን ንድፉ የሚሠራው በማሽን በሚቆረጥ ኮምፔንሳቶ ነው። ማሽኑም ኮምፔንሳቶውም ለሌለው ሰው የነፃ ንድፍ የነፃ ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን አዲስ አበባ ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ኢንስቲትዩት ከዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ከሞላ ጎደል በአፈር ብቻ ሠራ፤ ፎቁን የተሸከመው ብረት የሌለው ቅስት ነው። «በጭቃ ፎቅ አይሠራም» የሚሉ መልሳቸውን ይስጡን!

ንድፍ መካፈልም የኮምፒውተር ልጅ አይደለም። ራውል ራሚሬዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቦጎታ ላይ የሠራት በእጅ የምትጫን የአፈር ብሎኬት ማሽን በየአገሩ ተቀድታለች። ጥቂት ሲሚንቶ፣ ከመቶ አምስት ያህል፣ የተቀላቀለበትን አፈር ትጨምቃለች፤ ጡቡ ጥላ ሥር ይከርማል እንጂ እሳት አያይም። ዛሬ እንዲህ ያለ ንድፍ በአንድ ስልክ ከሰፈር ሰፈር ይደርሳል።

ስለዚህ የመጠለያ ንድፍ የሚያወጡ ክፍሎችን የምንጠይቀው ምጽዋት አይደለም። ንድፉን ታትሞ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሳይሆን ልንለውጠው የምንችል አድርጋችሁ ስጡን። የእኛ ግንበኞች የሚያውቁት ይግባበት፦ የትኛው አፈር ይሰነጠቃል፣ ጭዱ ስንት ነው፣ ጭቃው ስንት ቀን ይብላላል፣ ምስጥ በየት ይወጣል። የታረመው ንድፍ ደግሞ ለባላገሩም ይድረስ፤ ዛፉ የጋራችን ነውና።

እኛም እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅ። ከየመንደራችሁ አፈር በብርጭቆ ጠርሙስ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ፣ ውኃ ጨምራችሁ በጥብጡና አንድ ቀን አሳድሩት፤ አሸዋው ከታች፣ ሸክላው ከላይ ተደርድሮ ይታያል። ጠርሙሱን ሳታናውጡ ይዛችሁ ኑ። ምርጊትና ልስን የምታውቁ እናቶች፣ በኒምራ ታላታ ግንባታ የምትውሉ ወንድሞች፣ ኮምፒውተር የተማራችሁ ወጣቶች ዝናቡ ሳይገባ ስማችሁን ለዚህ ወረቀት አዘጋጆች ስጡ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አሳልፉ።