ደጋፊዎቻችንን እንደግፍ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት መካከል ከ100 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። የቀሩት 97 ወንድሞቻችን፣ እህቶቻችን፣ አብረውን አንድ ወንበር የተጋሩ ልጆች ናቸው። ውጤቱ በታየበት ምሽት በየቤቱ የተቀበላቸው ሐኪም አልነበረም። እናት ናት፤ አያት ናቸው፤ ታላቅ እህት ናት።

እነርሱ የእኛን ጭንቀት ሲሸከሙ የእነርሱን ማን ተሸከመ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ 18 ዓመት ሳይሞላ ይጀምራሉ። እንግዲህ የመጀመሪያው ምልክት የሚታየው ቤት ውስጥ ነው። ልጁ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ምግብ ሲጠላ፣ ከሰው ሲሸሽ ቀድማ የምታየው እናት ናት። ታያለች፤ ግን ምን ብላ ትጠይቀው? ለማን ትንገር? የሰው አፍ እየፈራች ብቻዋን ታስታምማለች።

ከእኛ በፊት የነበሩት ድርሻቸውን ተወጥተዋል። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ አገልግሏል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የአእምሮ ሐኪሞችን እያሠለጠነ ነው። ከሐኪሙ እስከ እናቲቱ ጓዳ ያለውን መንገድ መጥረግ ግን የእኛ ዕዳ ነው።

የተማርን እናስተምር፦ ልጅን «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በፍቅር መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ የውስጡን እንዲያወጣ ይረዳዋል። ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ እንናገር። ጊዜ ያለን ታማሚውን ይዘን ሐኪም ቤት እንሂድ፤ አስታማሚዋም ትረፍ። በእድር ያለን ድምፃችንን እናሰማ፤ ለሞት ድንኳን የሚተክል እድር ለአስታማሚም ይድረስ።

ነገ ወላጆች እኛ ነን፤ ነገ አስተማሪዎች እኛ ነን፤ ነገ ሽማግሌዎችም እኛው ነን። በእኛ ዘመን የአእምሮ ሕመም ከነውር ዝርዝር ይውጣ! በእኛ ዘመን እናት ስለ ልጇ ጭንቀት እንደ ወባው፣ እንደ ትኩሳቱ በግልጽ ትናገር! በእኛ ዘመን የሚያስታምም ሰው ብቻውን አይቅር! ዝምታን ወርሰናል፤ ዝምታን ግን አናወርስም።

እንግዲህ እንነሣ። በየሠፈራችን ልጅ የሚያስታምም ቤት እናውቃለን። በዚህ ሳምንት እንሂድ፤ ልጁን እንጠይቅ፤ ከዚያም ወደ እናቱ ዞረን «እማማ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት? ምን ላግዝዎት?» እንበላቸው።