ሱሱን አክሞ ቫይረሱን መተው

ታሊባን እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ሥልጣን ከተመለሰ ወዲህ በካቡል ድልድይ ሥር የሚኖሩ የሄሮይን ሱሰኞች እየታፈሱ ወደ ማገገሚያ ማዕከላት ሲወሰዱ በተደጋጋሚ አይተናል። በ2022 ደግሞ የኦፒየም እርሻ ታገደ። አደንዛዥ ነገር ሐራም ነውና ክልከላውን አንነቅፍም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ሳምንታትን በማዕከል አሳልፎ የሚወጣው ወንድም፣ መርፌ ተዋውሶ የያዘው ኤች አይ ቪ ወይም ሄፓታይተስ ሲ ምን ይሆናል?

ጎረቤት ኢራን ይህን ጥያቄ ቀድማ ተጋፍጣዋለች። ካሚያርና አራሽ አላኢ የተባሉ ወንድማማች ሐኪሞች በከርማንሻህ ከተማ «ባለ ሦስት ማዕዘን» የተባለውን ክሊኒክ ጀመሩ። የሱስ፣ የአባላዘር በሽታና የኤች አይ ቪ ሕክምና በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰጥ ነበር። በሩ አንድ በመሆኑ ማን ለምን እንደገባ አላፊ አግዳሚው አይለይም፤ ነውርን ለሚፈራ ማኅበረሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በአርአያነት ጠቅሶታል። በ2005 የፍትሕ አካሉ የበላይ ሻህሩዲ ዐቃቤ ሕጎች የሜታዶንና የንጹሕ መርፌ አገልግሎትን እንዳያደናቅፉ አዘዙ። (ወንድማማቾቹ ግን በ2008 ታሰሩ፤ ያ የፖለቲካ ጣጣ ነው።) ከኢራን ጋር ያለን የዐቂዳ ልዩነት የታወቀ ነው፤ ከሕክምናዋ ከመማር ግን አያግደንም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሜታዶን በየቀኑ፣ ብዙ ጊዜም ነርስ ፊት የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ታካሚው ዕለት ዕለት ከመጣ የኤች አይ ቪውን ወይም የሳንባ ነቀርሳውን ክኒን እዚያው መስኮት ላይ መዋጥ ይችላል። ሌላ ሆስፒታል ሂድ ከተባለ ግን ካርድ ማውጣት፣ ወረፋና የሰው ግልምጫ ይጠብቁታል፤ ብዙዎች መንገድ ላይ ይቀራሉ። ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ ዛሬ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰድ ክኒን ከ100 ታካሚዎች ከ95 በላይ የሚድኑበት በሽታ ሆኗል።

«ሜታዶን ራሱ ከኦፒየም ወገን አይደለም ወይ?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የፊቅሁን ዝርዝር ለዑለማዎች እንተዋለን። ሆኖም በማሌዥያ ኳላ ላምፑር፣ አር-ረህማን መስጂድ ውስጥ ሜታዶን በሐኪሞች ክትትል ሲሰጥ እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል።

ለኤች አይ ቪ ፈጣን ምርመራ ከጣት የሚወሰድ ጠብታ ደምና ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይበቃል። ማዕከላቱ ሰውየውን የሚያቆዩት ለሳምንታት ነው። ሲወጣ የሚመለሰው ደግሞ ወደ ሚስቱ ነው።