የልጆቹ ክፍል የልጆቹ ነው

ማዳም የሁለቱን ልጆቿን መኝታ ክፍል ለማሳመር ሦስት ወር ፈጀች። ሻርጃ፣ ቪላ ቤት ነው። ሴቷ ሰባት ዓመቷ፣ ወንዱ አራት። ዱባይ ፌስቲቫል ሲቲ ያለው አይኬያ ተመላልሰናል፤ ልጆቹን ይዤ የምዞረውም ዕቃ የምሸከመውም እኔ ነኝ። ግድግዳው በእሷ በኩል ሐምራዊ፣ በእሱ በኩል ሰማያዊ ተቀባ። ለየራሳቸው መብራት፣ ለየራሳቸው መሳቢያ፣ መሐል ላይ መጋረጃ። «እንዳይጣሉ፣ ሁለቱም የእኔ የሚሉት ጥግ ይኑራቸው» አለች። እውነቷን ነው።

በዚያ ክፍል የምናድረው ግን ሦስት ነን። የእኔ ቦታ ከልጅቷ አልጋ ሥር እንደ መሳቢያ የሚጎተት ፍራሽ ነበር። ማታ ስቤ አወጣዋለሁ፣ ጠዋት ገፍቼ አስገባዋለሁ። ቀን ቀን አልጋ የለኝም ማለት ነው። ልብሴ ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣዬ ኮሪደር ላይ።

የሚያናድደኝ ምኑ መሰላችሁ? ያንን ክፍል ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ማዳም መጀመሪያ ተደራራቢ አልጋ ገዝታ ትንሹን ላይ ልታስተኛው ነበር፣ ስለወደደው። ሌሊት እንደሚንፈራገጥ የማውቀው እኔ ነኝ፤ የአልጋው ማስጠንቀቂያም ላይኛው ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ይላል። ነገርኳት፣ ተወችው። እሱ ጨለማ ይፈራል፣ እሷ ብርሃን ካለ አትተኛም። ትንሿን መብራት ዝቅ አድርገን ከእሱ እግርጌ እናድርጋት ያልኩት እኔ ነኝ። «ጎበዝ!» አለችኝ። አንቺስ የት ትተኛለሽ የሚል ጥያቄ ግን ከአፏ አልወጣም።

ኤሚሬትስ በ2022 ያወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ አሠሪ ተስማሚ ማደሪያ ማቅረብ አለበት ይላል። ደንቡም በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ያልተቋረጠ። እስቲ ቁጠሩት። ልጁ በሌሊት ሁለቴ ይነሳል፣ አንዴ ውኃ፣ አንዴ ሽንት። ሲነሳ እኔን ረግጦ ነው የሚወርደው። የእኔ 8 ሰዓት የታለ? ከልጅ አጠገብ መተኛት መኝታ አይደለም፣ የሌሊት ሥራ ነው፣ ያውም ያልተከፈለበት። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 ያወጣው 201ኛው ምክረ ሐሳብ ደግሞ ለብቻ የሆነ፣ አየር የሚገባው፣ የሚቆለፍ ክፍል ይላል፤ ቁልፉም ለሠራተኛዋ እንዲሰጥ። ምክር ነው፣ አያስገድድም። ግን የጠየቅነው ቅንጦት እንዳልሆነ ያሳያል።

ዱባይ የምትሠራው ጓደኛዬ ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። አፓርታማው ሲከራይ «ሦስት መኝታና የሠራተኛ ክፍል» ተብሎ ነው። ክፍሉ አለ፣ ከኩሽናው ጎን፣ መስኮት የሌለው። አሁን ሻንጣና የክረምት ልብስ ተቆልሎበታል። እሷ ልጆቹ ክፍል ምንጣፍ ላይ ናት።

ይህን ሳነሳ የምትቆጡኝ አላችሁ። አጅማን ያለች አንዷ «አመስግኚ፣ ኤሲ አለሽ፣ እኔ ኩሽና ነው የምተኛው» አለችኝ። ሌላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከልጆቹ ጋር ስተኛ ባባ አይደፍረኝም» አለች። በእሷ አልፈርድም፣ ለምን እንዳለችው ሁላችንም እናውቃለን። ግን እኮ እህቴ፣ የሚጠብቅሽ ከውስጥ የሚዘጋ በር ነው እንጂ የአራት ዓመት ሕፃን አይደለም። «ልጆቹ ይወዱኛል» የምትሉም አላችሁ። እኔንም ይወዱኛል። ይውደዱኝ፣ ጠዋት እንገናኛለን።

ተንደላቅቄ ያደግሁ አይደለሁም። እናቴ ቤት አራት ልጆች አንድ መደብ ላይ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ነው ያደግነው። ግን ማን የት እንደሚተኛ ሲታሰብ አራታችንም እንቆጠር ነበር።

ስለዚህ ጠየቅኋት። ዕቃ ቤቱን ስጪኝ አልኳት። ሁለት ሳምንት አኮረፈች፣ ልጁ ሲነሳስ ማን ያያል አለች። የሕፃናት ድምፅ ማሰሚያ መሣሪያ ይሸጣል፣ አንቺ ጋ አድርጊው አልኳት። ይህን ስል እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ ግማሹን አስለቀቀችልኝ። መስኮት የለውም፣ የሳሙና ሽታ አለው። ግን ከውስጥ ይዘጋል። የመስኮቱን ነገር ገና አልተውኩትም። አዲስ ኮንትራት የምትፈርሙ፣ ከደመወዙ ቀጥሎ የት ነው የምተኛው ብላችሁ ጠይቁ። ከሄዳችሁ በኋላ ይከብዳል፣ እኔ አይቼዋለሁ።

እኛስ? አገር ቤት በምንልከው ገንዘብ ቤት ይሠራል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የገዛችው ዘመዴ የቀጠረቻት ልጅ ኩሽና ወለል ላይ ናት የምትተኛው። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ 1156/2011፣ የቤት ሠራተኛን አያቅፍም፤ ስለዚህ የሚጠይቅላትም የለም። ባለፈው ወር ወንድሜ የሚያሠራውን ቤት ፕላን በዋትሳፕ ላከልኝ። ሳሎን፣ የእነሱ መኝታ፣ የልጆቹ የጋራ ክፍል ባለ ሁለት አልጋ። «ሠራተኛዋስ የት ናት?» ብዬ ጻፍኩለት። አይቶታል፣ ሰማያዊው ምልክት ይታየኛል። እስካሁን አልመለሰልኝም።