«ፍሪ ነው» ሲባል ከፋዩ ማነው?

በቀን ስንት ጊዜ «ፍሪ» እንደምንል ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? «ማታ ፍሪ ነህ?» «እዚህ ካፌ ፍሪ ዋይፋይ አለ።» «አፑ ፍሪ ነው፣ ዝም ብለህ አውርደው።» «ልጅቷ ፍሪ ናት፣ አታካብድም።» «ኧረ ፍሪ ሁን!» ሁለት ፊደል ብቻ ያላት ቃል ጊዜንም፣ ዋጋንም፣ ጠባይንም ጠቅልላ ይዛለች። እንግሊዝኛ መሆኗን ረስተን እንደ ራሳችን ቃል ነው የምንጠቀማት።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ይሄን ትምህርት የተማረ ሰው «ነፃ» የሚል ቃል ሲሰማ ቶሎ የሚመጣበት ጥያቄ «ማን ከፈለው?» የሚል ነው። አመሉ ጓደኞቼን ያሰለቻል፤ ግን ለዚህች ቃል ጥያቄው የግድ ያስፈልጋታል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም በኛ ዕድሜ ያለን ብዙ ሰዎች ጊዜያችንን፣ ዳታችንንና ሙያችንን በየቀኑ እየከፈልን «ምንም አልከፈልኩም» ብለን እየተኛን ነው።

ከመነሻው እንጀምር። በድሮው እንግሊዝኛ ቃሉ «ፍሬኦ» ነበር። የጀርመንኛው «ፍራይ» ወንድሙ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ሥሩን ወደ ኋላ ሲከተሉት የሚደርሱት ገንዘብ ላይ ሳይሆን ፍቅር ላይ ነው፤ ሥሩ «መውደድ» ማለት ነው። በሳንስክሪት «ተወዳጅ» ማለት የሆነው «ፕሪያ» ከዚያው ሥር የወጣ ነው። ጓደኛን የሚጠሩበት «ፍሬንድ»ም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው።

ታዲያ መውደድንና ነፃ መሆንን ምን አገናኛቸው? የተለመደው ማብራሪያ እንዲህ ይላል። በጥንቱ ዘመን በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ይኖር ነበር፤ በአንድ በኩል የቤቱ ልጆችና ዘመዶች፣ በሌላ በኩል ባሪያዎች። የሚወደደው፣ «የኛ ሰው» የሚባለው፣ ባሪያ ያልሆነው ነው። ስለዚህ «የተወደደ» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ «ባሪያ ያልሆነ» ወደሚል ትርጉም ዞረ። «ያለ ክፍያ» የሚለው ትርጉም የተጨመረው ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። ማለትም ቃሉ አብዛኛውን ዕድሜውን ስለ ሰው ክብር ሲናገር ኖሮ፣ ስለ ዋጋ መናገር የጀመረው ዘግይቶ ነው።

የኛም «ነፃ» ሁለት ፊት አለው። «ነፃነት» ስንል ስለ ክብር እናወራለን፣ «በነፃ ታከመ» ስንል ስለ ክፍያ። ፈረንሳዮች በዚህ ጉዳይ ዕድለኞች ናቸው፤ ለአንዱ «ሊብር»፣ ለሌላው «ግራቱዊ» የሚል የተለያየ ቃል አላቸው። በ1983 እ.ኤ.አ. የጂኤንዩ ፕሮጀክትን የጀመረው አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን «ፍሪ ሶፍትዌር» ሲል ሰው ሁሉ «የማይከፈልበት» ማለቱ እየመሰለው ተቸግሯል። እሱ የሚለው የተጠቃሚውን መብት ነው፤ ሶፍትዌሩን የመመርመር፣ የመቀየርና የማካፈል መብት። ላለፉት አርባ ዓመታት ያንኑ ልዩነት ሲያስረዳ ነው የኖረው።

አማርኛ ግን ስለ ነፃ ነገር ከ«ነፃ» ሌላም ቃል አለው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ የድሮው ትርጉም ያለ ክፍያ መቀበልንና መስጠትን «በከንቱ» ይለዋል። ቃሉ «ያለ ክፍያ»ም «ያለ ጥቅም»ም ማለት ይችላል፤ ዛሬ በንግግራችን የቀረልን ሁለተኛው ነው። ያልተከፈለበትና ዋጋ የሌለው በአንድ ቃል መጠራታቸውን ልብ በሉልኝ፤ ወደ በኋላ ያስፈልገናል። ሌላኛዋ ቃል የገበያዋ «ምራቂ» ናት። ሽንኩርት ገዝተን «መርቂልኝ» ስንል ሻጯ አንድ ሁለት ራስ ጣል ታደርጋለች። ከምርቃት ጋር አንድ ሥር ያላት ቆንጆ ቃል ናት። ግን ምራቂ የሚሰጠው ለገዛ ሰው ነው። ዝም ብሎ ሄዶ «መርቂልኝ» የሚል ሰው ምን እንደሚጠብቀው ታውቃላችሁ።

ይሄን ነገር የአሜሪካ መጠጥ ቤቶችም በደንብ ያውቁት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙዎቹ አንድ መጠጥ ለገዛ ደንበኛ «ፍሪ ላንች»፣ ማለትም ነፃ ምሳ ያቀርቡ ነበር። ምግቡ ብዙ ጊዜ ጨው የበዛበት ነው፤ ጨው የበላ ይጠማዋል፣ የጠማው ደግሞ ይደግማል። የምሳው ሒሳብ ቢራው ውስጥ ነበር። «ነፃ ምሳ የሚባል ነገር የለም» የሚለው የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሁሉ የሚሰማው አባባል ከዚህ ልማድ ጋር ይያያዛል፤ ሚልተን ፍሪድማን በ1975 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ርዕስም ይኸው ነው። ዛሬ «ፍሪ ዋይፋይ» የተለጠፈበት ካፌ ገብታችሁ ፓስወርድ ስትጠይቁ አስተናጋጁ መጀመሪያ «ምን ልታዘዝ?» ነው የሚላችሁ። ዋይፋዩ ያለው ማኪያቶው ውስጥ ነው። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን፣ ንግዱ ግልጽ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከፋዩ መክፈሉን ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ደግሞ «ዜሮ ብር» የምትባል ነገር ጭንቅላታችንን የምታዞርበት መንገድ አላት። ዳን ኤሪየሊና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ላይ ሰዎችን በሁለት ቸኮሌት ፈትነዋቸዋል። ጥሩው ቸኮሌት 15 ሳንቲም፣ ተራው 1 ሳንቲም ሲሆን አብዛኛው ሰው ጥሩውን መረጠ። ከዚያ የሁለቱንም ዋጋ በ1 ሳንቲም ቀነሱ፤ ጥሩው 14 ሳንቲም፣ ተራው ደግሞ ነፃ ሆነ። የዋጋ ልዩነቱ ያው 14 ሳንቲም ነው፤ ሰው ግን ወደ ተራው ጎረፈ። «ነፃ» ስንባል ማወዳደር እናቆማለን ማለት ነው።

የ2016 ዓ.ም. ክረምትን አስታውሱ። ታክሲ ውስጥ፣ ጀበና ቡና ጋር፣ ግቢ ውስጥ የጣት ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሃምስተር ኮምባት! «ምን ታጣለህ? ፍሪ ነው እኮ» ያላለ ጓደኛ የነበረው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ቶክኑ የተከፋፈለው መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ልክ በደመራ ዕለት ነበር። አንዱ ቶክን ገበያ ሲወጣ ዋጋው 1 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ነበር፤ በዓለም ዙሪያም ብዙ ተጫዋች «ለዚህ ነው እንዴ?» አለ። እስቲ ሒሳብ እንሥራ። በቀን 2 ሰዓት ለ90 ቀን የነካካ ሰው 180 ሰዓት ሰጥቷል። ይሄ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 22 ቀን ተኩል ነው፤ የአንድ ወር ሥራ ማለት ነው። በዚያ ወር ምን መሥራት፣ ምን መማር፣ ከማን ጋር መሆን ይቻል ነበር? ያለፈን አማራጭ ኢኮኖሚክስ «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» ይለዋል። ደረሰኝ ስለማይቆረጥለት አናየውም እንጂ ወጪ ነው።

አፑስ? ሜታ፣ የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ 135 ቢሊዮን ዶላር ገቢ አግኝቷል። ከዚያ ውስጥ 132 ቢሊዮኑ ገደማ ከማስታወቂያ የመጣ ነው። እኛ አንከፍለውም፤ የኛን ዓይን የሚገዙ አስተዋዋቂዎች ግን ይከፍሉታል። እዚህ ገበያ ላይ ሽንኩርቱ እኛ ነን።

ነፃ የሚባል ነገር ሁሉ ወጥመድ ነው እያልኩ አይደለም። የመንግሥት ትምህርት ቤትና የሕፃናት ክትባት ነፃ ናቸው፤ ጥሩም ነው። ግን እነሱም ተከፍሎባቸዋል፤ ከግብር፣ ከዕርዳታ፣ ሳሙና ስንገዛ ከምንከፍለው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። ዩኒቨርሲቲ የገባን ልጆች ደግሞ የወጪ መጋራት ቅጹን ፈርመናል፤ ሥራ ስንይዝ ከደመወዛችን እየተቆረጠ ይመለሳል። እዚህ ጋ ቢያንስ ከፋዩ በወረቀት ላይ ይታወቃል። ጤናማ የሆነ ነፃ ነገር ምልክቱ ይሄ ነው፤ ማን እንደከፈለ ለመናገር አያፍርም።

አሁን ወደሚቆረቁረኝ ጉዳይ ልምጣ። እኔ ፍሪላንሰር ነኝ። «ፍሪላንሰር ነኝ» ስል ብዙ ሰው የሚሰማው የቃሉን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግማሽ «ላንስ» ጦር ማለት ነው። ዋልተር ስኮት በ1819 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በወጣው «አይቫንሆ» ልብ ወለዱ ለአንድ ጌታ ያላደሩ፣ ጦራቸውን ለከፋይ የሚያከራዩ ተዋጊዎችን በዚህ ስም ጠርቷቸዋል። ቃሉ ወደ ጸሐፊና ወደ ዲዛይነር የተሸጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ላይ «ፍሪ» ማለት «ለማንም ያልታሰረ» ነው እንጂ «በነፃ የሚዋጋ» አይደለም። እንደውም ተቃራኒው ነው፤ ሰውየው ሥራው መከፈል ነው።

አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቆየን፣ ሦስት ሳምንት ጽሑፍ አሠራኝ። ስለ ክፍያ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ለአንተም እኮ ልምድ ነው፤ ደግሞ ፍሪ ነኝ ብለኸን ነበር» የሚል ነበር። አዎ፣ ብዬ ነበር። «ፍሪ ነህ?» ሲሉኝ የጠየቁኝ ጊዜ እንዳለኝ ነው፤ የመለስኩትም እሱን ነው። እነሱ ግን ወረቀታቸው ላይ የጻፉት ዋጋዬን ነው። በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም መሀል የሦስት ሳምንት ድካም ወደቀ።

ይሄ የኔ ብቻ ታሪክ ቢሆን ባልጻፍኩት። ግራፊክስ የሚሠራ ጓደኛ ያላችሁ ጠይቁት፤ «አንዲት ሎጎ ናት፣ አምስት ደቂቃ ናት» ተብሎ ያላደረ ካለ። ቪዲዮ የሚያቀናብረውን፣ ሲቪ የምታስተካክለውን፣ የሰፈሩን ላፕቶፕ ሁሉ ፎርማት የሚያደርገውን ጠይቁ። ተመርቆ ሥራ ላላገኘ ልጅ ደግሞ ይብሳል። «አንተ ፍሪ ነህ አይደል?» ይባላል። ሥራ ስለሌለው ጊዜው ዋጋ የለውም ማለት ነው። «በከንቱ» ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው የምትመጣው፤ ያልተከፈለበት ጊዜ ዋጋ የሌለው ጊዜ ተደርጎ ይቆጠራል። ሥራ የሚፈልግ ሰው ሰዓት እኮ ከማንም በላይ ውድ ነው፤ የሚማርባት፣ የሚያመለክትባት፣ የሚሮጥባት እሷው ብቻ ናት።

«ባህላችን መረዳዳት ነው» የሚል ይኖራል። እስማማለሁ፤ ግን ባህሉን በደንብ እንየው። ወንፈል የወጣ ገበሬ ተራው ሲደርስ ይወጣለታል፤ የቀረበት ቀን ይታወቃል። ደቦ የጠራ ሰው እንጀራውንና ጠላውን አሰናድቶ ነው የሚጠራው። አባቶቻችን ገንዘብ አልተከፋፈሉም ማለት ሒሳብ አልያዙም ማለት አይደለም። የዛሬው «ፍሪ ሥራልኝ» ግን ወንፈሉን ትቶ ጉልበቱን ብቻ የሚፈልግ ነው።

ሌላም አለ፤ በተለይ ሴት ጓደኞቼ የሚነግሩኝ። «ፍሪ ሁኚ እንጂ!» የሚለው ንግግር ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንዲት ልጅ «አልፈልግም» ካለች በኋላ ነው። ነፃ ሁኚ የሚል ትእዛዝ ምን ዓይነት ነፃነት ነው? ባሪያ ያለመሆን ትርጉም የነበረው ቃል «እኔ ያልኩሽን አድርጊ» ለማለት ሲውል ዝም ልንል አይገባም። «አልፈልግም» ያለች ልጅ እኮ ፍሪነቷን እየተጠቀመችበት ነው።

እና ምን ይሻላል? ቃሉን ከአፋችን እናውጣው አልልም፤ አይወጣም ደግሞ። ለማን እንደምንሰጠው ግን እንምረጥ። ጥንት ትርጉሙ «የሚወደድ፣ የኛ ሰው» ከነበረ፣ በነፃ መሥራትም ለምንወደው ይሁን። ለእናት፣ ለክፉ ቀን ጓደኛ፣ ለሚያምኑበት ዓላማ። ለሌላው ዋጋ አለው።

እኔ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ለቅርብ ጓደኛዬ በነፃ ስሠራ እንኳ ትንሽ ደረሰኝ በቴሌግራም እልክለታለሁ፤ «የሥራው ዋጋ፦ 3,000 ብር። የጓደኝነት ቅናሽ፦ 3,000 ብር። የሚከፈል፦ 0 ብር።» መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ ግን ምን እንደተሰጠው ያውቃል፤ እኔም ምን እንደሰጠሁ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ማንም «ፍሪ ነህ?» ሲላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ጊዜዬን ነው ወይስ ዋጋዬን?»