የጭሱን ዕዳ ማን ይክፈል?

«ሰው ቢፈልግ በእግሩ ይሂድ፣ ቢፈልግ ባጃጅ ይሳፈር፤ ምርጫው የራሱ ነው» ሲባል በየሻይ ቤቱ እሰማለሁ። እዚህ ድሬዳዋ ውስጥ ይህን የሚሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ የመኪና ቁልፍ በጣታቸው የሚያሽከረክሩ ናቸው። ለመሆኑ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ምን ምርጫ አለው?

እስቲ ነገሩን ረጋ ብለን እንመርምረው። በቀትር ፀሐይ ከሳቢያን ደቻቱን ተሻግሮ ቀፊራ ገበያ የሚሄድ ሰው አካሄዱን የሚወስንለት ኪሱ ነው። ገንዘብ ያለው መስተዋቱን ዘግቶ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ይነዳል። ጥቂት ብር ያለው ባጃጅ ይሳፈራል፤ የባጃጅ ጎንና ጎኑ ክፍት ነውና ከፊቱ ያለው የጭነት መኪና የተፋውን ጭስ ይጋራል። ያም የሌለው በእግሩ ይጓዛል፤ ሸክም ይዞ ሲያለከልክ ከተቀመጠው ሰው አብልጦ አየር ይስባል። እጁን ይዞ የሚከተለው ሕፃን ደግሞ ቁመቱ ለጭስ ማውጫው ይቀርባል። እንግዲህ ጭሱን የሚውጠው ነዳጁን ያላቃጠለው ነው። ባልበላው ዕዳ መክፈል ማለት ይህ አይደለምን?

ነገሩ የምቾት ጉዳይ እንዳይመስለን። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ የደቃቅ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል፤ የቀድሞው ልክ 10 ነበር። ይህ ብናኝ ሳምባን አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ልብንም አንጎልንም ይጎዳል።

«መፍትሔው ባጃጅን ማገድ ነው» የሚሉም አሉ። በበኩሌ አልስማማም። ባጃጅ የወጣቱ እንጀራ፣ የአረጋዊቷ እግር፣ ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ ነው። ምትክ ሳያዘጋጁ እርሱን ማንሳት ድሃውን ከጭስ አውጥቶ ፀሐይ ላይ መጣል ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐሳቡን አልነቅፍም። ነገር ግን አዲስ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የሚገዛው ማን ነው? ቀድሞም መስተዋቱን ዘግቶ ይነዳ የነበረው ነው።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት፤ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ነው የወለዳት። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ባቡር ደግሞ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። አገር አቋርጦ ወደብ መድረስ ያለ ጭስ ከተቻለ፣ ቀፊራ ደርሶ መመለስ ለምን ያቅታል?

የምጠይቀው ተአምር አይደለም። የከዚራ ዛፎች ለእግረኛው የሚሰጡት ጥላ ለመጋላና ለገንደ ቆሬም ይድረስ። የከተማ አውቶቡስ በበቂ ቁጥር ይመደብ። ባጃጁን በኤሌክትሪክ ለመለወጥ ለሚሻ ሾፌር በረጅም ጊዜ የሚከፈል ብድር ይመቻችለት። «ምርጫ» የሚለው ቃል ትርጉም የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያው ግን፣ ባለመኪናው ወዳጄ ሆይ፣ በእግሩ የሚሄደውን ሰው «መርጦ ነው» አትበለው።