የሩዝ ብር ያነጠፈውን ወለል አሲድ ሲበላው

በፎገራ ሜዳ የአንድ ቤተሰብ ኑሮ መሻሻሉ መጀመሪያ የሚታየው ጣሪያው ላይ ነው። ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ይወጣል። ቀጥሎ ግድግዳው ይለሰናል። ወለሉ ተራ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ እበት የነበረው ሊሾ ይሆናል፣ ሊሾ የነበረው ሴራሚክ ይለብሳል። የሚገርመው ግን መጨረሻ የመጣው ወለል ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይበላሻል። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ይደበዝዛል፣ መጋጠሚያው ይጠቁራል፣ አንዳንዱ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዱም ሲያንኳኩት ውስጡ ባዶ እንደሆነ ዕቃ ይጮኻል። ባለቤቱም «የቻይና ዕቃ ምን ይደረግ!» ብሎ ይተወዋል።

ይህ ፍርድ ችኮላ አለበት። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለው ብሂል ለልብስ ብቻ የተነገረ አይደለም። ብዙ ወለል የሚሞተው በፋብሪካው ጥፋት ሳይሆን ከታች ባለው አፈርና ከላይ ባለው እጅ ነው። ከወለሉ በላይ ደግሞ የሚያሳስብ ነገር አለ፤ እሱን የምትፈትገው ልጅ ሳንባ።

*ዕውቀቱ ሳይመጣ ዕቃው መጣ*

የድሮው ወለል የራሱ ሙያ ነበረው። እናት የትኛው እበት እንደሚያጣብቅ፣ ከምን ያህል አፈር ጋር እንደሚቦካ፣ ስንት ቀን እንደሚያርፍ፣ በየስንት ጊዜው እንደገና እንደሚለቀለቅ ታውቃለች። ልጇም አጠገቧ ሆና እያየች ትማራለች። በዓል ሲመጣ ከጣና ዳርና ከረግረጉ የታጨደ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ በማግስቱ ተጠርጎ ይወጣል። ወለሉ ድሃ ነበር፤ ሙያው ግን ሙሉ ነበር።

ከዚያ ሩዝ መጣ። በ1970ዎቹ በጅግና አካባቢ ባሉ የገበሬ ማኅበራት የተጀመረው የሩዝ እርሻ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ የሚተኛበትን፣ በፎገራ ከብቱና በጓያው ይታወቅ የነበረውን ሜዳ የገንዘብ ሰብል ምድር አደረገው። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን የወረሰው ከዚያው መንደር ነው። ዛሬ የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘውም እዚሁ ፎገራ ላይ ነው። ወረታም የባሕር ዳርን፣ የጎንደርንና የደብረ ታቦርን መንገድ የምታገናኝ፣ ደረቅ ወደብ ያላት የንግድ ከተማ ሆናለች። የሩዝ ብር ብሎኬት ገዛ፣ ሴራሚክ ገዛ። ከሴራሚኩ ካርቶን ጋር ግን «እንዲህ አጽዳው» የሚል ሙያ አብሮ አልመጣም። ክፍተቱን የሞላው ከጎረቤት የተሰማ ወሬና ከሱቅ የተገዛ የአሲድ ጠርሙስ ነው።

*ከታች ያለው ዋልካ*

የፎገራ ሜዳ አብዛኛው አፈር ዋልካ ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ሩዙን የሚያበቅለው ይኸው ውኃ ይዞ የመቆየት ባሕርይ፣ በላዩ የተሠራውን ወለል በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ዋልካውን ሳያወጡ ወይም ጥሩ ገረጋንቲና ድንጋይ ሳይጠቀጥቁበት፣ ከስሚንቶው ሥር ፕላስቲክ ሳያነጥፉ የተሠራ ወለል ሴራሚኩ ከጣሊያን ቢመጣም ይሰነጠቃል። ይህ የጽዳት ችግር አይደለም፤ በመፈተግም አይድንም። ቤት የሚሠራ ሰው ለሴራሚኩ ቀለም ከሚከፍለው ጊዜ ግማሹን ለታችኛው አፈር ቢሰጥ ያተርፋል። የተሠራ ቤት ያለው ደግሞ የጣሪያው ውኃ ከግድግዳው ርቆ እንዲፈስ ቦይ ቢያወጣ፣ በመሠረቱ ዙሪያ ያለው አፈር የሚያብጥበትን መጠን ይቀንሳል።

ሌላው ከታች የሚመጣ ነገር ነጩ ጨው ነው። እርጥበት በስሚንቶው ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ውኃው ሲተን ጨው መጋጠሚያው ላይ እንደ ዱቄት ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን ቆሻሻ መስሎት በአሲድ ያጥባል። ለጊዜው ይጠፋል። ነገር ግን አሲዱ መጋጠሚያውን ያሳሳዋል፣ የታጠበበትም ውኃ ተጨማሪ እርጥበት ይሆናል፤ ጨውም ተመልሶ ይመጣል። ትክክለኛው መንገድ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ፣ ከዚያም እርጥበቱ ከየት እንደሚገባ መፈለግ ነው።

ጎርፍ ሲመጣ ነገሩ ይለያል። በ1998ም ሆነ በ2012 ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው፣ ጣናም ወደ ኋላ ገፍቶ ፎገራን እንዳጥለቀለቁ አይረሳም። ጎርፍ ቤት ከገባ ደለሉ ሳይደርቅ በአካፋና በውኃ መውጣት አለበት፤ ዋልካ ከደረቀ በኋላ የሚለቀው በፍቅፋቆ ነው። ሴራሚኩ በሳሙና ታጥቦ ከጠራ በኋላ፣ ለአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ አንድ ብርጭቆ በረኪና ቀላቅሎ ማበስ ይበቃል። ቀጥሎ በርና መስኮት ከፍቶ ማድረቅ ነው። በረኪና ከጭቃ ጋር ቢደፋ ጉልበቱን ጭቃው ይጨርሰዋል።

*የረገጡትን ማወቅ*

ወለል ሁሉ አንድ አይደለም። ሴራሚክ ላዩ እንደ መስታወት ነው፤ ደካማ ጎኑ መጋጠሚያው ነው። ሊሾ ስሚንቶ ነው። ተራዞ ስሚንቶና የእብነበረድ ፍርካሽ ነው። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚመጣው እብነበረድ ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል እንጂ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ማለትም ከኖራ ድንጋይ ጋር ወንድማማች ነው። የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ግን የእሳተ ገሞራ ልጅ ስለሆነ ብዙ ይችላል።

ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሶፋ ወይም አልጋ በሚሸፍነው ጥግ ላይ አንድ ጠብታ ሎሚ ጠብ አድርጎ ማየት ነው። አረፋ ካወጣ ድንጋዩ ካልሲየም አለበት፤ ያ ቤት ለወለሉ ሎሚ፣ አቼቶና አሲድ አያስገባ። ጠብታው ራሱ ጠባሳ ይተዋልና መሀል ሳሎን ላይ አይሞከርም። ብዙ ቤት «ሎሚ ተፈጥሮ ነው፣ ምን ያደርጋል?» ተብሎ እብነበረድ በሎሚ ይታጠባል። ሎሚ ለዶሮ ብልት ጥሩ ነው፤ እብነበረድን ግን ይበላዋል። በሎሚ የደበዘዘ እብነበረድ የቆሸሸ አይደለም፤ ላዩ ተበልቷል። በማጠብ አይመለስም፣ በማሽን ካልተሞረደ በቀር።

*የየቀኑ ሥራ*

የወለል ትልቁ ጠላት ወጥ ወይም ቡና ሳይሆን አሸዋ ነው። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ፣ ከ1 እስከ 10 በሚቆጠረው፣ የእብነበረዱ ካልሳይት 3 ላይ ሲቆም፣ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ላይ ነው። አሸዋ ያለበትን ወለል በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ማለት በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ማለት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በደረቁ በለስላሳ መጥረጊያ መጥረግ፣ ከዚያ መወልወል። በር ላይ ከውጭ አንድ ሻካራ፣ ከውስጥ አንድ ለስላሳ ምንጣፍ ማድረግ። ጫማ በር ላይ ማውለቅ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ጫማ ለሚያወልቅ ሕዝብ ይህ አዲስ ትምህርት አይሆንም።

ለመወልወል ሁለት ባልዲ ይበጃል፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ጨርቅ የሚታጠብበት። በአንድ ባልዲ የሚወለወል ቤት ቆሻሻውን ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን ያዞራል። ሳሙና ሲበዛ ወለል አይጠራም፤ የማይታይ ሽፋን ይሆንና አቧራ ይይዛል፣ ሲረጥብ ደግሞ ያንሸራትታል። ለአንድ ባልዲ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፣ በደረቅ ጨርቅ ማበስ፤ በዚህ ይጠናቀቃል። የመጨረሻዋ ማበስ ቅንጦት አይደለችም። አንጸባራቂ ሴራሚክ እርጥብ ሲሆን ለአረጋውያን ወጥመድ ነው፤ የተሰበረ ዳሌ ደግሞ በሴራሚክ ዋጋ አይጠገንም።

የአገሩ ልማድም የራሱን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቡና ፍም ቀጥታ ሴራሚክ ላይ ቢወድቅ ድንገተኛው ሙቀት ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ከምድጃው ሥር ሰፋ ያለ ትሪ ይኑር። ለበዓል የተጎዘጎዘ እርጥብ ቄጠማ እብነበረድና መጋጠሚያ ላይ ቀናት ከሰነበተ ቀለሙን ይተዋል፤ በማግስቱ ይውጣ፣ የድሮዎቹም እንደዚያው ነበር የሚያደርጉት። የጧፍ ሰም በቢላ አይፋቅም፤ በበረዶ አድርቆ በእንጨት ማንሣት ነው። ቅቤና የወጥ ዘይት የጠጣ ድንጋይ ላይ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ ለውሶ መለጠፍ፣ በፕላስቲክ ሸፍኖ ማሳደር፣ ሲደርቅ ማንሣት፤ አንድ ቀን ካልበቃው መድገም። አመድ ለድስት ቂጥ ጥሩ ነው፤ በተለይ የሩዝ ገለባ አመድ ግን በሲሊካ የተሞላ ስለሆነ ለእብነበረድ ሞረድ ነው።

*ባልዲው ውስጥ ያለው መርዝ*

እስካሁን የተነገረው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ቀጥሎ ያለው የነፍስ ጉዳይ ነው።

አሲድ ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ የታወቀ ነው። ሴራሚክ የሚያነጥፈው ባለሙያ ሥራውን ሲጨርስ የስሚንቶውን ቅሪት በአሲድ ያጥባል። ቤተሰቡ ያ ንጣት ያስደንቀውና አሲዱን የየሳምንቱ ሳሙና ያደርገዋል። በረኪና ደግሞ ከመጋቢት 2012 የኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ያልገባበት ቤት የለም። ከዚያ አንድ ቀን «ሁለቱ ሲደባለቁ የበለጠ ያጸዳሉ» ይባላል።

ሁለቱ ሲደባለቁ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን ለመግደል የተለቀቀው ጋዝ እሱ ነው። በርና መስኮቱ በተዘጋ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ጎንበስ ብላ የምትፈትግ ልጅ ዓይኗ ይቃጠላል፣ ትስላለች፣ ደረቷ ይጨነቃል፤ ከበረታ ሳንባዋ ውኃ ይቋጥራል። እንዲህ ከሆነ ባልዲውን ለማስተካከል መሞከር አይገባም። ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር መውጣት፣ በሩን ከፍቶ መተው፣ ሳሉና የትንፋሽ እጥረቱ ካልቆመ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። በረኪና ከአቼቶም ጋር ሆነ አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር አይደባለቅም። ደንቡ አጭር ነው፤ በረኪና ከውኃ በቀር ጓደኛ የለውም።

ሌላው አደጋ ጠርሙሱ ነው። አሲድም በረኪናም በአሮጌ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ያለ ምንም ጽሑፍ ይሸጣል። የተጠማ ሕፃን ውኃ መስሎት ቢያነሣው ጥፋቱ የማን ነው? የጠጣን ልጅ ማስመለስ ደግሞ ሁለተኛ ማቃጠል ነው፤ ሳያስመልሱ አፉን አጥቦ ወደ ሕክምና መሮጥ እንጂ።

*«ይሄ አሁን ጉዳይ ነው?»*

ክልሉ በስንት ችግር ተወጥሮ ሳለ ስለ ሴራሚክ ማውራት ለአንዳንዱ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በችግር ጊዜ የሚባክን ነገር የበለጠ ያማል የሚል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ትናንት በተገዛበት ዋጋ አይተካም። አንድ ክፍል ሴራሚክ ማበላሸት የአንድ ዓመት ሩዝ ማበላሸት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በላይ የምትፈትገው ማን ናት? አብዛኛውን ጊዜ ከገጠር የመጣች፣ ጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ ቢኖር እንኳ ማንበብ የማትችል ልጅ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚወጣ ደንብ ትቶታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን አብራው ለምትኖር ሠራተኛ ጤና አሠሪው እንዲጠነቀቅ ያዛል። ሕጉ ባይኖርስ? አንድ ጓንት ከአንድ ካርቶን ሴራሚክ ይረክሳል።

መፍትሔው ትልቅ በጀት አይፈልግም። የግንባታ ዕቃ ሻጭ ጠርሙሱ ላይ «አሲድ» ብሎ ይጻፍ። ሴራሚክ ሠሪ ቁልፍ ሲያስረክብ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ወለሉ በምን እንደሚጸዳ ይንገር፤ የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም ይህን የሥልጠናው አካል ያድርጉት። ቤት ለቤት ንጽሕና ሲያስተምሩ የኖሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በትምህርታቸው ላይ «በረኪናና አሲድ አይገናኙ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ። እመቤቲቱም ለሠራተኛዋ «አጽጂው» ከማለቷ በፊት «በዚህ አጽጂው፣ ያንን አትንኪው» ትበል።

እበት የለቀለቀች እናት ለልጇ ያስተላለፈችው ሙያ ነበራት። ሴራሚክ ያስነጠፈ ቤት ለልጁ የሚያስተላልፈው የአሲድ ጠርሙስ ብቻ ከሆነ፣ ኑሮው ከፍ ያለ ይመስላል እንጂ ሙያው ዝቅ ብሏል።