የሚጠብቅ ሰው ዓይኑን የት ያሳርፍ?

አዲስ አበባ ውስጥ የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጡ የግል ቢሮዎች ብዙውን ጊዜ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተው ነው የሚሠሩት፤ አንዱ መጠበቂያ፣ ሌላው ባለሙያውና ተገልጋዩ የሚነጋገሩበት። መጠበቂያው ውስጥ የሚታየው ነገር ከቢሮ ቢሮ እምብዛም አይለያይም። ግድግዳ ተደግፈው የተደረደሩ ወንበሮች፣ የባንክ ካላንደር፣ በፍሬም የገባ የንግድ ፈቃድ፣ «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ፣ አለፍ ሲልም የድብርት ምልክቶችን አንድ፣ ሁለት እያለ የሚቆጥር ፖስተር። ክፍያው፣ ቀጠሮው፣ የባለሙያው ችሎታ ሲታሰብበት ግድግዳው ግን የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጨርሶ አይታሰብም። እኔ ደግሞ ግድግዳው የአገልግሎቱ አካል ነው ባይ ነኝ። የአገራችን ሠዓልያን ሥራ ሊሰቀልበት ይገባል፤ ለሠዓሊውም ሊከፈለው ይገባል።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከሚጠብቀው ሰው ነው። ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣ ሰው አጠገቡ ካለው ጋር ያወጋል፣ ስለ ሕመሙ ያማርራል፣ ወረፋው ለምን እንደዘገየ ይጠይቃል። ምክር ፍለጋ የመጣ ሰው እንዲህ አያደርግም። እዚያ መታየቱን ራሱ ይፈራል፤ ለቤተሰቡ ሳይናገር የመጣ ይሆናል፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ሴት የሠፈሩን ሰው ታውቅ እንደሆነ ያሰላል። ስለዚህ ቀና ብሎ ሰው ማየት አይሆንለትም። ያለው ምርጫ ወይ ስልኩ ነው ወይ የጫማው ጫፍ ነው ወይ ያ የምልክቶች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን እያነበበ «ይሄም አለብኝ፣ ይሄም አለብኝ» ሲል ሃያ ደቂቃ የቆየ ሰው ወደ ውስጥ የሚገባው ሲመጣ ከነበረው ይበልጥ ተጨናንቆ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ሥዕል ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሳያፍርና ማንንም ሳያሳፍር ትኩር ብሎ ሊያየው የሚችለው ነገር ነው።

ይህ የግል ስሜት ብቻ እንዳይመስል ጥናቶቹን እንይ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮጀር አልሪች እ.ኤ.አ. በ1984 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ላይ ያወጣው ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በፔንሲልቬንያ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች መዝገብ አገላብጦ፣ መስኮታቸው ወደ ዛፍ የሚያይ 23 ሕሙማንን መስኮታቸው ወደ ጡብ ግድግዳ ከሚያይ ሌሎች 23 ጋር አነጻጸረ። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻም የወሰዱት ያነሰ ነበር። አልሪች ከባልደረቦቹ ጋር በስዊድን ኡፕሳላ የልብ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ሰዎች ላይ ያደረገው ሌላ ጥናት ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። ውሃና ዛፍ ያለበት ምስል የተሰቀለላቸው ሰዎች ጭንቀታቸው ቀለል ሲል፣ በቀጥታ መስመሮች የተሠራ ረቂቅ ሥዕል የተሰቀለላቸው ግን ምንም ካልተሰቀለላቸው ይበልጥ ተጨነቁ። ሥዕል ሁሉ አይበጅም ማለት ነው፤ ባዶ ግድግዳ የሚሻልበት ጊዜም አለ።

እዚህ ላይ ቅን አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ያነሣል። ጥናቶቹ የሚናገሩት ስለ ተፈጥሮ ምስል ነው እንጂ ስለ አገር ልጅ ሥራ አይደለም፤ ታዲያ ከኢንተርኔት የወረደ የስዊዘርላንድ ሐይቅ ቢሰቀልስ ምን ይጎድላል? እውነት ነው፣ ጥናቶቹ ይህን አይመልሱም። መልሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በበረዶ የተሸፈነ ተራራና ሊረግፍ የቀላ ቅጠል የሰው አገር መሆኑ ያስታውቃል፤ ተመልካቹን የትም አይወስደውም፤ የሆቴል ኮሪደር ነው የሚያስመስለው። ግራር ሥር የቆመች ጥጃ፣ በጣና ላይ የምትሄድ ታንኳ፣ በክረምት መውጫ ቢጫ የለበሰ ሜዳ ግን ተመልካቹ የሚያውቀውን ነገር ይነግረዋል። የሚያውቀውን የሚያይ ሰው የሚለው ነገር ያገኛል። የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ «ምን ሆነህ መጣህ?» ከሚል ጥያቄ ይልቅ «ያ ሥዕል የትኛውን አገር አስታወሰህ?» የሚለው አፍ ያስከፍታል።

ደግሞስ ሥዕልና ሕመምን ማገናኘት ለእኛ አገር እንግዳ ነገር ነው እንዴ? በብራና ላይ የሚሣለው ጠልሰም ዋና ሥራው ይኸው ነበር። ደብተራው ክታቡን ሲያዘጋጅ ብራናውን በሕመምተኛው ቁመት ልክ ይቆርጣል፤ ጸሎቱን ይጽፋል፤ በመካከሉም ትልልቅ ዓይኖች ያሏቸውን መላእክትና የተጠላለፉ ሐረጎች ይሥላል። ሥዕሉ ለአንድ ሰው፣ ለዚያ ሰው ሕመም የተሠራ ነው። ይህን ስል ጠልሰም ፈዋሽ ነው ማለቴ አይደለም፤ አማካሪዎች ክታብ ይስቀሉ ማለቴማ ጭራሽ አይደለም። ሕመምተኛው የሚያየው ነገር ሊታሰብበት ይገባል የሚለው ሐሳብ ግን ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም።

ምርጫው ላይ ግን ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። በአገራችን ሱቁም ታክሲውም ቢሮውም የባለቤቱን እምነት በግድግዳው ይናገራል፤ ማርያም ናት ወይ የቁርኣን አንቀጽ ነው ወይ «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል ጽሑፍ። በራስ ቤት ያማረ ነው። በምክር ቢሮ ግን ተገልጋዩ ከመቀመጡ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ «ይህ ሰው ይፈርድብኝ ይሆን?» የሚል ነው፤ ግድግዳው ቀድሞ መልስ ከሰጠበት ወሬው እዚያው ያልቃል። የዐድዋ ሥዕልም እንዲሁ። የምንኮራበት ድል ነው፤ ሥዕሉም የራሱ ባህል ያለው ነው። ከሰሜኑ ጦርነት ተፈናቅሎ ለመጣ፣ የጥይት ድምፅ ከእንቅልፉ ለሚያባንነው ሰው ግን ጠመንጃ ጠመንጃ ነው። ረቂቅ ሥዕልን በተመለከተ ከኡፕሳላው ውጤት ተነሥቶ በሩን መዝጋት አይገባም፤ የተፈተነው የተወሰነ ዓይነት ሥዕል ነው፣ እነ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከተከሉት ሥራ የወጡ ሠዓልያንም ብዙ ለዓይን የሚቀል ነገር ይሠራሉ። እዚህ ላይ የባለሙያው ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ነባር ተገልጋዮችን መጠየቅ ከሃያ የሥዕል መጽሐፍ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የገንዘቡ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ በቆየበት፣ ባለሙያው ዛሬም ባልበቃበት አገር ስለ ሥዕል ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? አንድ ቢሮ ሥዕል ለመግዛት ሲል የተገልጋይ ክፍያ የሚጨምር ከሆነ አዎ፣ ቅንጦት ነው። ነገር ግን መግዛት አያስፈልግም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1959 ሸሪዳን ረስል የተባለ የሆስፒታል የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ለንደን ውስጥ ከነርቭ ሕሙማን ሆስፒታል የጀመረው ሥራ ሥዕልን ማዋስ ነበር፤ ከዚያ የተነሣው የበጎ አድራጎት ድርጅት እስከ ዛሬ አለ። አዲስ አበባ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አላት። ተመራቂዎቹ ሥራቸውን የሚያሳዩበት ጋለሪ ከቁጥራቸው ጋር አይመጣጠንም፤ የብዙዎቹ ሸራ ስቱዲዮ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተደርድሯል። በሦስት ወር የሚቀያየር ሦስት ሥዕል በመጠነኛ ኪራይ መውሰድ አንድ ቢሮ ለወለል ንጣፍ ከሚያወጣው ያንሳል።

ኪራይ የምለው በምክንያት ነው። «ስምህ ይታወቅልሃል» ብሎ በነፃ መጠየቅ በአገራችን የተለመደ ነው፤ ሠዓሊው ግን በመታወቅ ቀለም አይገዛም። ከኢንተርኔት አውርዶ ማተምም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን ማባዛት የመፍቀድን መብት የሚሰጠው ለባለሥራው ነው። ሰው ጉልበቱ እንዳይበዘበዝ፣ «እምቢ» ማለትን እንዲለማመድ የሚመክር ቢሮ የሠዓሊን ጉልበት በነፃ ከሰቀለ ምክሩን ራሱ አልሰማውም።

ኪራዩ ግን ቢሮውን ሱቅ እንዳያደርገው መጠንቀቅ ነው። ዋጋው ሥዕሉ ሥር አይለጠፍም፤ የሠዓሊው ስም ይበቃል፣ መግዛት የፈለገ እንግዳ ተቀባዩን ይጠይቃል። የምረቃ ዝግጅት፣ ካሜራ፣ የፌስቡክ ቀጥታ ስርጭት አይታሰብም፤ ሠዓሊው ሥራውን የሚሰቅለውም ተገልጋይ በሌለበት ቀን ነው። ራሱን የመጉዳት አሳብ ያለበት ሰው በሚቀመጥበት ክፍል መስታወት ያለው ፍሬም አይገባም፤ በሸራ የተሠራ፣ ግድግዳው ላይ በደንብ የታሰረ ይሁን። አንዳንድ ባለሙያዎች መነጋገሪያው ክፍል ጨርሶ ባዶ ይሁን፣ ተገልጋዩ የራሱን ብቻ ያምጣ ይላሉ። ለዚያ ክፍል ክርክራቸው ይገባኛል፤ አልጣላውም። መጠበቂያው ግን ዛሬም ባዶ አይደለም፤ ካላንደሩና የገንዘብ ማስታወቂያው አሉ። አንድ ተገልጋይ የተሰቀለውን ሥዕል «አውርዱልኝ» ካለም ሥዕሉ ይወርዳል፤ ባለሙያውም ለምን እንዳለ በቀጣዩ ቀጠሮ ይጠይቀዋል።